ቀለም ከመቀባቱ በፊት ግድግዳውን ያንኳኩት

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ልጄ ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች በዘጠኝ ዓመት ባጠራቀመችው ገንዘብ ባለ ሦስት መኝታ የብሎኬት ቤት እያሠራን ነው። እሷ እዚያ ሆና ትልካለች፣ እኔ እዚህ ሆኜ እቆጣጠራለሁ፤ መቆጣጠር ከተባለ። እኔ የማውቀው የጭቃ ቤት ነው። ጭድ አስገብቼ ጭቃ አቡክቻለሁ፣ መርጌአለሁ፤ የሲሚንቶ ነገር ግን አይገባኝም።

የውስጥ ልስኑ ካለቀ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ኮንትራክተሩ የልስኑን ቀሪ ክፍያ ስጪኝ፣ ሰኞ ስቱኮና ቀለም ይጀመር ይለኛል። ነገር ግን ሳሎኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ አለ። አንደኛው መኝታ ቤት ከኮለኑ ጎን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር አለ። ወጥ ቤቱን በእጄ ስዳብሰው አሸዋ ይረግፋል። ሌላኛው መኝታ ቤት ደግሞ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የወጣ ስንጥቅ አይቻለሁ። ጎረቤቴ ‹ይሄማ ፈርሶ እንደ አዲስ ነው የሚለሰነው› ይላሉ። ኮንትራክተሩ ‹እማማ፣ ልስኑ ያልተሰነጠቀ ቤት የለም፣ ስቱኮ ሲመታ ሁሉም ይጠፋል› ይላል። ልጄ በቪዲዮ አይታው ‹እማዬ ያምራል!› አለችኝ። የማንን ልስማ? የልጄ ላብ ነውና እንቅልፍ አጣሁ።»

የዱባይዋ ልጅ እናት፣ ከቢሾፍቱ

እህቴ፣ ሰኞ ስቱኮም ቀለምም አይጀመር። ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩት። ጠብ አያስፈልገውም፤ «ግድግዳውን አንድ ላይ ዞረን ካየን በኋላ ይሁን» ማለት ይበቃል። ስቱኮና ቀለም ካረፈበት በኋላ የልስን ጉድለት የሚያይ ዓይን የለም፣ የኔም ዓይን ቢሆን። ሰውየው የቸኮለው ሊሸፍን ነው እያልኩ አይደለም፤ ምናልባት ቀለም ቀቢዎቹን ቀጥሮ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ግን የሚጎዳ ሰው የለም፣ ልስኑም በደንብ ይደርቃል።

ጎረቤትዎና ኮንትራክተሩ ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የጻፉልኝ አራት ነገር አራት የተለያየ በሽታ ነው። አንዱ መልክ ከማበላሸት አያልፍም። አንዱ አሁን በአግባቡ ካልተሠራ ተመልሶ ይመጣል። አንዱ የልስኑን አቅም የሚያጠራጥር ነው። የመጨረሻው ደግሞ ከልስኑ ጋር ጭራሽ ላይገናኝ ይችላል። ልጅዎ «ያምራል» ያለችው ቅር አይበልዎት። ልስን ለዓይን ሁልጊዜ ያምራል፣ ማለስለስ ቀላል ነው። ችግሩ የሚታወቀው በጆሮና በእጅ ነው።

ከጆሮ እንጀምር። ገበያ ወርደው ድስት ሲገዙ በጣትዎ ኳ አድርገው ደኅናውን ከተሰነጠቀው ይለዩ የለ? ሥራው እሱው ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ወይም የመጥረጊያ እንጨት ይያዙና መጀመሪያ ኮለኑን፣ የአርማታ ምሰሶውን፣ ይምቱት። ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። ቀጥሎ ብሎኬቱ ያለበትን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ብሎኬት ራሱ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ከኮለኑ ወፈር ያለ ድምፅ መስጠቱ ያለ ነገር ነው፣ አይደንግጡ። ኮለንን ከኮለን፣ ብሎኬትን ከብሎኬት ጋር ነው የሚያስተያዩት። በአንድ ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ስንዝር እየራቁ ሲያንኳኩ ቆይተው ድምፁ በድንገት እንደ ባዶ እንስራ ሲያስተጋባ፣ እዚያ ጋ ልስኑ ከብሎኬቱ ለቋል። ፊቱ ግን ያው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የለሰለሰ። በጠመኔ ክብ ያድርጉበትና ይቀጥሉ።

ቤቱን በሙሉ ማንኳኳት ካታከተዎት ከኮርኒሱ ሥር፣ ከበርና ከመስኮት ዙሪያ፣ ከሶኬቶቹ አጠገብ፣ እንዲሁም ኮለንና ቢም (አግድም የሚሄደው የአርማታ ተሸካሚ) ላይ ይበርቱ። ከኮርኒስ ሥር ለሳኙ መወጣጫ ላይ ሆኖ እጁ ዝሎ ነው የሚሠራው። ኮለንና ቢም ደግሞ አርማታው ከሚፈስበት የጣውላና የቆርቆሮ ፎርም የወጡ ስለሆኑ ፊታቸው ልሙጥ ነው፣ አንዳንዴም ፎርሙ የተቀባው ዘይት ይቀርባቸዋል። በመዶሻ ካልተጫረና ቀጭን የሲሚንቶና የአሸዋ ልውስ ካልተረጨበት በስተቀር ልስን እዚያ ላይ የሚይዘው ነገር የለውም። በብሎኬቱም በኩል ዋናው ጥፋት ውሃ ነው። ደረቅ ብሎኬት ይጠማዋል። ሳያርሱት ከለሰኑት ሲሚንቶው ሊጠነክርበት የሚገባውን ውሃ መጥጦ ይወስድና በመካከላቸው አቧራ ብቻ ይቀራል።

ይህን የምለው ተምሬ ብቻ አይደለም፣ ደርሶብኝም ነው። ሳይት ላይ ሠላሳ ዓመት የቆየሁ ሰው የራሴን ቤት የተረከብኩት ማታ ነበር፤ አምፖሉ በርቶ፣ ስቱኮው ተመቶ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ። ሠራተኞቹ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሰው ቡና አፍልቶ ጠብቆህ ግድግዳ ማንኳኳት ነውር መሰለኝና ፈረምኩ። በሁለተኛው ዓመት ቴሌቪዥን ልሰቅል በድሪል ስበሳው የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ልስን ከነስቱኮው ከነቀለሙ አንድ ላይ ወረደ። ከሥሩ ያለው ብሎኬት ትናንት ከፋብሪካ የመጣ ይመስል ነበር፤ የረጨው ሰው የለ፣ ያረሰው ሰው የለ። በጣቴ ስነካው አቧራው ተከተለኝ። ከዚያ ወዲያ ቡናውን የምጠጣው አንኳኩቼ ስጨርስ ነው።

ባዶ ድምፅ የሰማ ሁሉ ግን ይፍረስ አይበል። ከመዳፍ ያነሰ፣ ዙሪያው ያልተሰነጠቀ ቦታ ቢተውት ዕድሜ ልኩን እዚያው ሊኖር ይችላል። እንጀራ የሚያህል ከሆነ ይነሳ። አልጋ ራስጌ ወይም ኮርኒስ ሥር ከሆነ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ይነሳ፤ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ልስን ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ ሰው ላይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ከአንድ ግድግዳ ሲሶው በጠመኔ ክብ ከተሞላ እኔ ብሆን ያንን ግድግዳ ብቻ ሙሉ በሙሉ አስነሳዋለሁ፤ ቁርጥራጭ መጠጋገን ከማስነሳቱ የባሰ ሥራ ነው።

ሲነሳ እርስዎም ቆመው ይዩ። በዘፈቀደ በመዶሻ ሳይሆን ዙሪያውን በግራይንደር በአራት ማዕዘን ቆርጦ፣ እስከ ብሎኬቱ ድረስ ነው የሚወርደው። የተቆረጠውን ጠርዝ በሜትር ይለኩት። የውስጥ ልስን ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ካገኙ ግንቡ ጠማማ ነበር፣ ለሳኙም ጠማማውን በልስን ሊያቃና ሞክሯል ማለት ነው። መወፈሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ንብርብር ሆኖ፣ አንዱ ሲጠነክር ሌላው እየተደረበ ከተሠራ ይቆማል። ባንድ ጊዜ ከተለጠፈ ግን በራሱ ክብደት ይንሸራተታል።

አሁን ወደ ስንጥቆቹ። እርስዎ ጭቃ ያቦኩ ሰው ስለሆኑ ለማስረዳት አልቸገርም። የጭቃ ቤት የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ማንም አይደነግጥም፣ ሁለተኛው ሲደረብ ይዘጋል። ጭድ የሚገባውም ጭቃው ውሃውን ሲለቅና ሲሸሽ (ሲኮማተር) እንዲያያዝ ነው። ሲሚንቶም እንዲሁ ውሃው ሲወጣ ይሸሻል። ዝግ ብሎ ከደረቀ በትንሹ፣ በፀሐይና በነፋስ ተቻኩሎ ከደረቀ በብዙ። ለዚህ ነው ልስን ከተሠራ ማግስት ጀምሮ ቢያንስ ለ7 ቀን፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ የሚጠጣው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ነገር የመጀመሪያው ተረሺ ነው፤ ያለው ውሃ በሮቶ ተጠራቅሞ ለማቡኪያ ይሆንና ግድግዳው ይጠማል። ለመሆኑ የርስዎ ቤት ሲለሰን በበጋው ፀሐይ ማን ነበር የሚያጠጣው? ይህን ያስታውሱት፤ ለኮንትራክተሩ ከሚያቀርቡት ጥያቄ ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።

የሳሎኑ የሸረሪት ድር ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ይመጣል፣ ሌላም ሰበብ አለው። ለሳኙ ፊቱ እንዲያምርለት፣ ቶሎም እንዲጨርስ፣ እርጥቡ ልስን ላይ ደረቅ ሲሚንቶ ነፋ ነፋ አድርጎ ያሸዋል። መስታወት ይመስላል። ግን ላዩ ሲሚንቶ የበዛበት ቀጭን ቆዳ ይሆንና ከሥሩ ካለው ይበልጥ ሸሽቶ ይሰነጠቃል። እጅግ የለሰለሰ ልስን ሳይ እኔ ደስ አይለኝም፤ ስፖንጅ ያለፈበት፣ በእጅ ሲዳስሱት ትንሽ ሸከር የሚል ልስን ስቱኮውንም በደንብ ይይዛል። ለማጣራት እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉበት። ግድግዳው መድረቅ ሲጀምር ስንጥቆቹ ውሃ ስለያዙ ጠቁረው ይቀራሉ፣ ካርታቸው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጥፍር የማያስገቡ ከሆኑና ቦታው ሲንኳኳ ደኅና ድምፅ ካለው፣ እዚህ ላይ ኮንትራክተሩ ትክክል ነው፦ ስቱኮ ይሸፍነዋል፣ ተመልሶም አያስቸግርም። ለዚህ ብለው ገንዘብ አይያዙበት።

ከኮለኑ ጎን የወረደው ቀጥ ያለ መስመር ሌላ ነው። አርማታና ብሎኬት ሁለት ባሕርይ ናቸው፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ፣ እርጥበት ሲመጣና ሲሄድ እኩል አይንቀሳቀሱም። መገናኛቸው ላይ ከልስኑ ሥር የዶሮ ሽቦ ቢወጠርበት ኖሮ (የጭዱን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው) ልስኑ አይከፈትም ነበር። ያለ ሽቦ የተለሰነ መገናኛ ላይ ስቱኮ ቢመታ እስከ መጪው በጋ ይቆይና መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ፣ በአዲሱ ቀለም ላይ ይወጣል። መፍትሔው ከመስመሩ ግራና ቀኝ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ማንሳት፣ ሽቦውን በሚስማር ማያያዝ፣ ማራስ፣ መልሶ መለሰን ነው። የአንድ ቀን ሥራ ነው። በዚሁ አጋጣሚ የሌሎቹን ክፍሎች ኮለኖችም ይጠይቁ፤ አንዱ ላይ ሽቦ ያልገባ ሌላው ላይ የገባ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ለኤሌክትሪክ ቱቦ በተቆረጠው ቦይ ላይም እንዲሁ ነው፤ ከሶኬት ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ ቱቦው በደንብ አልተቀበረም፣ ልስኑ በላዩ ሳስቷል ማለት ነው።

የመስኮቱ ጥግ ነው እኔን ያሳሰበኝ። ከመስኮትና ከበር ጥግ ትንሽ ሰያፍ ፀጉር መሰል ስንጥቅ መውጣቱ የተለመደ ነው፣ የግድግዳው ጭነት እዚያ ጥግ ላይ ስለሚጠራቀም። የርስዎ ግን ምን ያህል ርዝመት እንዳለው አልጻፉልኝም። ይህን ያድርጉ፦ ወጣ ብለው ከውጭ በኩል በዚያው ጥግ ትይዩ ይመልከቱ። ከውጭም ካለ የተሰነጠቀው ልስኑ ብቻ አይደለም፣ ግንቡ ነው። ብሎኬቱን ተከትሎ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚሄድ ከሆነ፣ አንደኛው ጫፉ ጠቦ ሌላው ጫፉ ከሰፋ፣ የዚያ ክፍል በር ወይም መስኮት እንደ ቀድሞው አልዘጋ ካለ፣ ነገሩ ከመሠረት ሊሆን ይችላል። ቢሾፍቱ ዙሪያ ብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ ጤፍ የሚወደው ያ ጥቁር አፈር ቤት አይወድም። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሸሻል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሳውና ያወርደዋል። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ካልወረደ፣ ወይም አፈሩ ወጥቶ በደኅና አፈር ካልተሞላ፣ ልስን ቢያድሱት ባያድሱት ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ያንን ስንጥቅ ዛሬ አይድፈኑት። በእርሳስ ሁለቱም ጫፍ ላይ አጭር መስመር ያስምሩና ቀኑን ይጻፉበት። መሐሉ ላይ ደግሞ ጂፕሰም በውሃ አቡክተው ጣት የሚያህል ድልድይ ይለጥፉበት። ጂፕሰም አይለጠጥም፤ ግድግዳው በጥቂቱ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። ክረምቱ ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ ይዩት። ድልድዩ ካልተነካ የቆመ ስንጥቅ ነው፣ ከፍተው በሽቦ ያስለስኑት። ከተሰነጠቀ ወይም ስንጥቁ የእርሳሱን ምልክት ካለፈ ለልስን ሠራተኛ ሳይሆን ለመዋቅር መሐንዲስ ያሳዩ። አሁኑኑ 3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ከሆነ ክረምቱንም አይጠብቁ። ሌላው ቤት ቀለም ሲቀባ ይህ ግድግዳ ቢቀር ምንም አይደለም።

ወጥ ቤቱ። አሸዋ ይረግፋል ብለውኛል። ቁልፍ ይውሰዱና ግድግዳውን እንደ ብዕር ጫር ያድርጉት። ደኅና ልስን ላይ ቁልፉ ነጭ መስመር ትቶ ያልፋል። ላዩ ላይ አቧራ ረግፎ ከሥሩ ጠንካራ ካገኙ፣ በጠንካራ ብሩሽ ተጠርጎ የሥር ቀለም ሲቀባ ይያዛል። ቁልፉ እየቆፈረ ከገባ፣ በጥፍርዎ እንኳ አሸዋውን መቦርቦር ከቻሉ ግን ያ ልስን ሞቷል፣ ይነሳ። ወጥ ቤት ደግሞ ሴራሚክ የሚለጠፍበት ነው፤ የሚረግፍ ልስን ላይ ሴራሚክ ከነልስኑ ይወርዳል።

ለምን ወጥ ቤቱ ብቻ? መገመት እችላለሁ፣ በየሳይቱ አይቼዋለሁና። ልስን በካሬ ነው የሚከፈለው፤ ለሳኙ የሚያገኘው በፍጥነቱ ልክ ነው። ከሰዓት ሊሄድ ሲል የተቦካው ይተርፋል፣ ጠንከር ሲል ውሃ እየጨመሩ ደጋግሞ ማቡካት አለ። ሲሚንቶ አንዴ መያዝ ከጀመረ በኋላ ውሃ ጨምሮ ማላላት ጥንካሬውን መግደል ነው። ወይም ሲሚንቶ ሊያልቅ ሲል 1 ለ 3 (አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ) ተብሎ የተጻፈው 1 ለ 6 ሆኖ ይቦካል። ወይም አሸዋው ራሱ አፈር አለበት። ይኸኛውን ማወቅ ይችላሉ፦ ከተረፈው አሸዋ የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ይሙሉ፣ ውሃ ይጨምሩ፣ ቁንጥር ጨው ይጣሉበት፣ አጥብቀው ያናውጡና ያሳድሩት። ጠዋት አሸዋው ከታች፣ አፈሩ ከላይ በቀለም ተለይቶ ይታያል። በእኛ አገር ደረጃ አፈሩ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠባል ወይም ይመለሳል። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከላይ ያለው አፈር ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ጥገናው በዚሁ አሸዋ የሚሠራ ከሆነ አስቀድመው ማወቁ ይጠቅምዎታል።

ቀጥታነትን አልጠየቁኝም፣ በአጭሩ ልንካው። ኮንትራክተሩ ጋ 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ አይጠፋም። ግድግዳው ላይ በቁምም በአግድምም በሰያፍም ይደገፍ፤ ከሥሩ የሚያልፈው ብርሃን ከ3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ጎበዝ ለሳኝ ነው፣ 5 ድረስ እኔ አልናገርም። ሳሎን ላይ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። የወጥ ቤት ካቢኔ፣ ቁም ሣጥንና ሴራሚክ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ይጨነቁ። ጥጉ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማየት ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሜትሩ 100 ካነበበ ጥጉ ልክ ነው። ብልጥ ነኝ ያለ ዘመድ ደግሞ ማታ መጥቶ የስልክ መብራት ግድግዳው ላይ አስተኝቶ «ይኸው ማዕበል!» ሊልዎት ይችላል። በእጅ የተለሰነ ግድግዳ ሁሉ በዚያ መብራት ማዕበል ነው። የማይመስል ካጋጠመው ይጥራኝ።

አንድ ነገር ስለ እርጥበት። አምስት ሳምንት ሞልቶታልና 28 ቀኑን አልፏል፣ ቀለም ሊቀበል የሚችልበት ዕድሜ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ የውሃ ቱቦ ያለበት ግድግዳና ከወለሉ በላይ፣ ዞኮሎ (የግድግዳው እግር ሽፋን) የሚመጣበት አካባቢ ግን ዕድሜ ብቻ አይታመንም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ይለጥፉና ያሳድሩ። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ላብ ካለ ግድግዳው ገና ውሃ እያወጣ ነው፤ ቱቦ እያፈሰሰም ሊሆን ይችላል። ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ካዩም ውሃ በግድግዳው ውስጥ እየተመላለሰ መሆኑን ይወቁ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ጂፕሰም በሲሚንቶ ልስን ፋንታ እንዳይመቱብዎት፣ ውሃ ሲነካው ይላሽቃል።

አሁን ገንዘቡ። ቀሪውን ሙሉ በሙሉ አይክልከሉት፣ ሙሉ በሙሉም አይስጡት። እሱ በተገኘበት፣ ቢቻል ለሳኙም ባለበት፣ ጠመኔ ይዘው ክፍል በክፍል ይዙሩ። «እስቲ አንተው አንኳኳልኝ» ይበሉት፤ በራሱ ጆሮ ከሰማ አይከራከርም። ከዚያ ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ግድግዳ፣ ስንት ካሬ፣ መቼ ይታረማል። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ደኅና ለተገኘው ይክፈሉት፤ የሚታረመው የሚያወጣውን ያህልና ትንሽ ጨምረው ይያዙ። ትላልቅ ውሎች ላይ መያዣ ተብሎ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ለአንድ ዓመት ይቆያል፤ የርስዎ ውል ላይ ባይኖርም ሐሳቡን ቢያነሱት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። «ካስረከብኩ በኋላ እኔ አላውቅም» ካለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 የቤት ሥራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው በአግባቡ መሠራትና ለጥንካሬው ዋስ መሆኑን በትሕትና ያስታውሱት። ያም ሆኖ በዓይን እየታየ ዝም ብለው የተረከቡትን ጉድለት በኋላ መከራከር ዳገት ነው፤ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለልጅዎ ደግሞ ሌላ ቪዲዮ ይላኩላት። በዚህኛው ግድግዳውን ከማሳየት ይልቅ ስልኩን ጠጋ አድርገው ያስይዙና ያንኳኩላት፦ መጀመሪያ ደኅናውን፣ ቀጥሎ ባዶውን። ዱባይ ሆና ልዩነቱን ትሰማዋለች፣ ገንዘቡ ለምን በሁለት ተከፍሎ እንደሚላክም ሳያስረዷት ይገባታል። ቪዲዮዎቹን አያጥፏቸው፣ ቀናቸው ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ኮርኒሱ ሥር ሲያንኳኩ ግን ወንበር ላይ አይውጡ። የመጥረጊያው እንጨት ይደርሳል።